ዣክ ዮሴፍ

ዣክ ዮሴፍ (ሴፕቴምበር 6 ቀን 1865 – ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1934 እ.ኤ.አ.) በበርሊን የሠሩ ጀርመናዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። የአፍንጫን ቅርጽ በቀዶ ሕክምና የማስተካከል ዘመናዊ ሙያ፣ ማለትም ራይኖፕላስቲ፣ አባት ተብለው ይታወቃሉ። ጤነኛ አፍንጫን ለውበት ብሎ መቁረጥ ነውር በነበረበት ዘመን፣ ሰው በመልኩ ምክንያት የሚደርስበት የልቦና ሥቃይ ራሱ ሊታከም የሚገባው ሕመም ነው ብለው በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ተከራክረዋል። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ዮሴፍ የተወለዱት በምሥራቅ ፕሩሲያ በከኒግስበርግ ከተማ ነው። ይህች ከተማ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩሲያ ግዛት ውስጥ ትገኛለች። አባታቸው የአይሁድ ሃይማኖት መምህር (ረቢ) ነበሩ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ያዕቆብ (በጀርመንኛ ያኮብ) ሲሆን፣ በተማሪነታቸው ዘመን ወደ ፈረንሳይኛው ዣክ ለውጠውታል። በዚያን ጊዜ ብዙ የጀርመን አይሁዳውያን ወጣቶች ከአገሬው ሕዝብ ጋር ተመሳስለው ለመኖር ሲሉ ስማቸውን ይለውጡ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውንም ሆነ የሕክምና ትምህርታቸውን የተከታተሉት በበርሊን ነው። የዶክትሬት ማዕረጋቸውን በ1890 ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። በፊታቸው ላይ በተማሪነታቸው በሰይፍ ግጥሚያ ያገኙት ጠባሳ ነበረ። በጊዜው የነበሩ የጀርመን ተማሪዎች ይህን የመሰለ ጠባሳ የጀግንነትና የክብር ምልክት አድርገው ይቆጥሩት ስለነበር ማንም ሊያጠፋው አይፈልግም ነበር። ሌሎችን ከፊት ጉድለት ለማላቀቅ ዕድሜያቸውን የሰጡት ሐኪም የራሳቸውን ጠባሳ ይዘው ኖረዋል።

ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በጠቅላላ ሐኪምነት ሠሩ። በ1892 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የአጥንት ሕክምና ክሊኒክ የፕሮፌሰር ዩሊዩስ ቮልፍ ረዳት ሆኑ። ቮልፍ አጥንት በሚያርፍበት ጫና መጠን ቅርጹን እንደሚለውጥ ባስረዱበት ሕግ የታወቁ ሊቅ ናቸው።

ከዮሴፍ በፊት የነበረው የአፍንጫ ሕክምና

አፍንጫን በቀዶ ሕክምና መጠገን ከዮሴፍ ዘመን እጅግ የቀደመ ጥበብ ነው። በጥንታዊት ህንድ አፍንጫ መቁረጥ የወንጀለኛ ቅጣት ስለነበረ፣ በሱሽሩታ ስም የሚታወቀው የሳንስክሪት የሕክምና መጽሐፍ የተቆረጠ አፍንጫ ከፊት ቆዳ ተወስዶ እንዴት እንደሚሠራ ይገልጻል። በአውሮፓ ደግሞ የቦሎኛው ሐኪም ጋስፓሬ ታልያኮዚ በ1597 ባሳተሙት መጽሐፍ ከክንድ በተወሰደ ሥጋ አፍንጫ የመሥራትን ዘዴ አስተማሩ። በበርሊንም ካርል ፈርዲናንድ ፎን ግሬፈ በ1818 በዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳትመዋል።

እነዚህ ሁሉ ሐኪሞች የሠሩት አፍንጫቸውን በቅጣት፣ በጦርነት ወይም እንደ ቂጥኝ ባለ በሽታ ላጡ ሰዎች ነበር። የጎደለውን መሙላት ማንም የማይነቅፈው ሥራ ነው። ያልታመመና አየር በደንብ የሚያስገባ አፍንጫን ትልቅ ነው ወይም ጎባጣ ነው ብሎ መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነበር። በአሜሪካ የሮቼስተር ከተማ ሐኪም ጆን ኦርላንዶ ሮ በ1887 ደፍጣጣ አፍንጫን ከውስጥ በኩል አስተካክለው ዘገባ አቅርበዋል። ዮሴፍ ሥራቸውን ሲጀምሩ ግን ይህን ዘገባ እንደማያውቁ ይታመናል።

የልጁ ጆሮና ከሥራ መሰናበት

የዮሴፍን የሕይወት አቅጣጫ የለወጠው አፍንጫ ሳይሆን ጆሮ ነው። በ1896፣ ኢትዮጵያ በዓድዋ ድል ባደረገችበት ዓመት፣ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ ዮሴፍ መጣች። የልጁ ጆሮዎች ትልልቅና ወደ ውጭ የወጡ ስለነበሩ ጓደኞቹ እየሳቁበት ትምህርት ቤት መሄድ አልፈልግም ብሎ ነበር። ልጁ ከጆሮው ቅርጽ በቀር የሚያመው ነገር አልነበረም፤ በደንብም ይሰማል።

ዮሴፍ የልጁን ጆሮዎች አሳንሰው ወደ ራሱ አስጠጉለት። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፤ ልጁንም ለበርሊን የሕክምና ማኅበር አቀረቡት። የክሊኒኩ ኃላፊ ቮልፍ ግን አልተደሰቱም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ ለመልክ ተብሎ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ስሙ መነሣት የለበትም የሚል አቋም ስለነበራቸው ዮሴፍን ከሥራ አሰናበቷቸው። ዮሴፍም የራሳቸውን የግል ሕክምና ከፈቱ።

የ1898ቱ ቀዶ ሕክምና

የጆሮው ወሬ ግን በከተማው ተሰማ። በ1898 መጀመሪያ ላይ አንድ የ28 ዓመት ባለ ርስት ወደ ዮሴፍ መጣ። አፍንጫው እጅግ ትልቅ ስለነበረ በመንገድ ሲሄድ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል፤ ይጠቋቆምበታል። ከዚህ የተነሣ ከሰው መሸሽ ጀምሮ ነበር፤ በድባቴም ተይዞ ነበር። የልጁን ጆሮ ያስተካከለ ሐኪም የእሱንም አፍንጫ ማሳነስ ይችል እንደሆነ ጠየቀ።

ዮሴፍ ይህን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ሠርተው ስለማያውቁ አስቀድመው በሬሳ ላይ ሞከሩት። ከዚያም በታካሚው አፍንጫ ላይ ከውጭ በኩል ቆዳውን ቀደው፣ ጎልቶ የወጣውን አጥንትና ለስላሳ አጥንት ቀንሰው፣ ትርፉን ቆዳ አስወግደው ሰፉት። በሜይ 11 ቀን 1898 ውጤቱን ለበርሊን የሕክምና ማኅበር አቀረቡ።

በዚህ ንግግር ዮሴፍ ስለ ስፌቱና ስለ ጠባሳው ብቻ አልተናገሩም፤ ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዴት እየኖረ እንደሆነም ዘገቡ። ድባቴው ለቅቆት ነበር። ማንም ሳያየው በመንገድ ማለፍ በመቻሉ ተደስቷል። ቀድሞ ከጉባኤ ይሸሽ የነበረው ሰው ድግስ መጥራትና መጠራት እንደጀመረ ሚስቱ በደስታ መስክራለች። ዮሴፍ ከዚህ ተነሥተው ያቀረቡት መከራከሪያ ቀላል ነበር። በእግሩ መጣመም ምክንያት የሚሠቃይን ሰው ሐኪም ይረዳዋል፤ በአፍንጫው ቅርጽ ምክንያት የሚሠቃየውስ ሥቃዩ በልቦናው ስለሆነ ብቻ ለምን ይመለሳል?

በዚህ ዘገባ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሰውዬው የፈለገው ቆንጆ መሆንን አልነበረም፤ የፈለገው በሰው ዘንድ ሳይታወቅ ማለፍን ነው። ዮሴፍ በኋላ ዘመን ከታከሟቸው ሰዎች ብዙዎቹም የመጡት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ዘዴያቸው

የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በአፍንጫው ላይ ከውጭ የሚታይ ጠባሳ ይተው ነበር። የሰው ዓይን ያሸማቀቀውን ሰው በአዲስ ምልክት ማሰናበት ዓላማውን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ዮሴፍ በ1904 ጎባጣውን አጥንት በአፍንጫ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የመቁረጥን ዘዴ አሳተሙ። በዚህ ዘዴ ቁስሉ ከውስጥ ስለሚቀር ከድኖ ከውጭ ምንም አይታይም።

ለዚህ ሥራ የሚሆኑ መሣሪያዎችንም ራሳቸው ነደፉ። በአፍንጫ ቀዳዳ የሚገቡ ቀጫጭን መጋዞችና ቆዳውን ከአጥንት የሚያላቅቁ መሣሪያዎች እስካሁን በቀዶ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ በዮሴፍ ስም ይጠራሉ። ከእያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ ማንሣትን፣ የፊትንም ማዕዘን መለካትን የሥራቸው ደንብ አደረጉት። በበርሊን ሕዝብ ዘንድም ስማቸውን ከአፍንጫ ጋር በማጣመር የወጣላቸው የቀልድ ስም ነበራቸው።

ስለ ታካሚው ልቦና የነበራቸው አስተሳሰብ

ዮሴፍ የመልክ ጉድለትን መጥላት ከንቱ ውዳሴን ከመውደድ የተለየ ነው ይሉ ነበር። ሰው ከሌላው ተለይቶ መሳቂያ ላለመሆን መፈለጉን ጤናማ ስሜት አድርገው ቆጠሩት፤ ለዚህም ስሜት አንቲዲስፕላዚያ የሚል ስም አወጡለት። ለመቆንጀት ብቻ የሚመጣውንና ከሰው መሸሽ የጀመረውን በአንድ ዓይን አላዩትም።

ሰዎችንም ስለ ራሳቸው መልክ ባላቸው አስተያየት በአራት ከፍለዋቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጉድለታቸውን በልኩ የሚያዩ ናቸው። ሁለተኞቹ ጉድለት እያለባቸው ግድ የማይሰጣቸው ናቸው። ሦስተኞቹ ጥቂቷን ነገር አግዝፈው የሚያዩ፣ ሊደረስበት የማይቻል ውበት የሚፈልጉ ናቸው። አራተኞቹ ደግሞ ፍርዳቸው ጨርሶ የተዛባ ነው። ይህ አከፋፈል ቢላ ሁሉንም እንደማይረዳ ዮሴፍ ራሳቸው ያስተዋሉ መሆናቸውን ያሳያል።

አይሁዳዊነትና አፍንጫ

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ጋዜጦች የሚወጡ የፌዝ ሥዕሎች አይሁዳዊን ሁልጊዜ በትልቅና በጎባጣ አፍንጫ ይስሉት ነበር። በእርግጥ እንዲህ ያለ አፍንጫ በሁሉም ሕዝብ ዘንድ ይገኛል፤ አይሁዳውያንም ሁሉ እንዲህ ያለ አፍንጫ የላቸውም። ሥዕሉ ግን በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ስለተቀረጸ፣ ጎባጣ አፍንጫ ያለው ሰው በሥራ ፍለጋም ሆነ በመንገድ ላይ አስቀድሞ ተፈርዶበት ይቆይ ነበር።

ከዮሴፍ ታካሚዎች ብዙዎቹ አይሁዳውያን ነበሩ። ዮሴፍ ገንዘብ ለሌላቸው አንዳንድ ወጣቶች ያለ ክፍያ እንደሠሩላቸው የቀድሞ ታካሚዎች መስክረዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በሁለት መንገድ ያዩታል። አንደኛው፣ ሐኪሙ የወገኖቻቸውን ሥቃይ ስላወቁ አቃለሉላቸው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጥፋቱ የተመልካቹ ሆኖ ሳለ የተቆረጠው የተጠቂው ፊት ነው የሚል ነው። ሁለቱም አስተያየቶች በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ አብረው ይገኛሉ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት

በ1914 የተጀመረው ጦርነት የዮሴፍን ሙያ በሌላ ዓይን እንዲታይ አደረገ። በምሽግ ውስጥ ይዋጉ የነበሩ ወታደሮች ከሁሉ አብልጦ የሚጋለጠው ጭንቅላታቸው ስለነበረ፣ አፍንጫቸው፣ መንጋጋቸውና ጉንጫቸው የተወሰደባቸው ሰዎች በብዛት ወደ ሆስፒታል መጡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሞት ቢተርፉም ወደ ቤታቸው ለመመለስና በልጆቻቸው ፊት ለመቅረብ ይፈሩ ነበር።

በ1916 በበርሊን በታላቁ የሻሪቴ ሆስፒታል የፊት ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተከፍቶ ዮሴፍ እንዲመሩት ተሾሙ። ከ20 ዓመት በፊት ለመልክ ሠራህ ተብለው ከዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ የተባረሩት ሐኪም አሁን መንግሥት የሚፈልጋቸው ሰው ሆኑ። ክርስትና ቢነሡ ከዚህ የሚበልጥ የዩኒቨርሲቲ ወንበር እንደሚሰጣቸው ተነግሯቸው እምቢ አሉ ተብሎም ይነገራል። በ1919 የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ከጦርነቱ በኋላ ክፍሉ ሲዘጋ ወደ ግል ሕክምናቸው ተመለሱ።

መጽሐፋቸውና ተማሪዎቻቸው

ዮሴፍ የ30 ዓመት ልምዳቸውን ስለ አፍንጫና ስለ ሌሎች የፊት ክፍሎች ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና በጻፉት ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ሰበሰቡት። መጽሐፉ ከ1928 እስከ 1931 በክፍል በክፍል የታተመ ሲሆን ከ800 ገጽ በላይ አለው፤ እጅግ ብዙ ሥዕሎችና ፎቶግራፎችም ይዟል። ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመው ግን ቆይቶ በ1987 ነው።

ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሐኪሞች በርሊን እየሄዱ ሥራቸውን ተምረዋል። ከእነዚህም መካከል ጉስታቭ ኦፍሪክት፣ ጆሴፍ ሳፊያንና ዣክ ማሊኒያክ ይገኙበታል። ሦስቱም በኒው ዮርክ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ኦፍሪክትና ማሊኒያክ በ1931 የአሜሪካን የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ማኅበር ካቋቋሙት ሰዎች መካከል ናቸው። የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና በአሜሪካ የተስፋፋው በአብዛኛው በእነዚህ ተማሪዎች አማካይነት ነው።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

በጃንዋሪ 1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። በኤፕሪል 1 ቀን የአይሁድ ሱቆች፣ ጠበቆችና ሐኪሞች ላይ አድማ ተጠራ፤ በዚያው ወር ብዙ የአይሁድ ሐኪሞች ከመንግሥት የጤና መድን ሥራ ተባረሩ። አዲሱ መንግሥት ሰውን የሚለየው በአያቶቹ መዝገብ እንጂ በአፍንጫው አልነበረም። ሰው ስሙን ቢለውጥ፣ መልኩን ቢያስተካክል፣ ለአገሩ ወታደሮች ቢያገለግል ከዚህ መዝገብ አያመልጥም ነበር።

ዮሴፍ በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1934 በልብ ሕመም በበርሊን ሞቱ። ዕድሜያቸው 68 ዓመት ነበር። የተቀበሩት በቫይሰንዜ የአይሁድ መቃብር ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1938፣ በጀርመን የነበሩ የአይሁድ ሐኪሞች ሁሉ የሥራ ፈቃዳቸው ተሰረዘ። በናዚ ዘመን ስማቸው ተረስቶ ቆይቶ፣ ሥራቸው እንደገና በሰፊው የታወቀው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ከዮሴፍ በኋላ፦ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምናና ልቦና

የዮሴፍ አስተሳሰብ በኋለኞቹ ዘመናት ተፈትኗል። ጣሊያናዊው የአእምሮ ሐኪም ኤንሪኮ ሞርሴሊ በ1891፣ ማለትም ከዮሴፍ የመጀመሪያ ቀዶ ሕክምና በፊት፣ ጉድለት ሳይኖርባቸው ፊታቸው የተበላሸ መስሏቸው የሚሠቃዩ ሰዎችን ሕመም ገልጸው ነበር። ይህ ሕመም ዛሬ ቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር ይባላል። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው በቀን ለብዙ ሰዓት በመስተዋት ፊት ይቆማል፤ ወይም መስተዋት ጨርሶ ይሸሻል፤ ሌላው ሰው የማያየውን ጉድለት ያያል። ብዙ ጊዜ ከሚያስጨንቁት የሰውነት ክፍሎች አንዱ አፍንጫ ነው። የሲግመንድ ፍሮይድ ታካሚ የነበረውና ተኩላው ሰው ተብሎ የሚታወቀው ሩሲያዊ በ1926 አፍንጫዬ ተበላሽቷል በሚል ጭንቀት ተይዞ ኪሱ ውስጥ መስተዋት ይዞ ይዞር ነበር።

በ1960 አሜሪካዊው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ማክስዌል ማልትስ ሳይኮ-ሳይበርኔቲክስ በተባለው መጽሐፋቸው ከታካሚዎቻቸው አንዳንዶቹ ፊታቸው ከተስተካከለ በኋላ ፈጥነው እንደተለወጡ፣ ሌሎቹ ግን ፊታቸው ተለውጦም የቀድሞ የበታችነት ስሜታቸው እንዳልለቀቃቸው ጽፈዋል።

የዘመኑ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። አብዛኞቹ ታካሚዎች በውጤቱ ይረካሉ፤ በራስ መተማመናቸውም ይሻሻላል። በቤልጅየም የሌቨን ሐኪሞች በ2011 ባሳተሙት ጥናት ግን የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ፈልገው ከመጡ 226 ሰዎች መካከል 33 ከመቶ ያህሉ መካከለኛ ወይም ከባድ የቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር ምልክት ታይቶባቸዋል። እንዲህ ያሉ ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምና የሚጠቀሙት ጥቂት ነው፤ ጭንቀታቸው ይቀጥላል ወይም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ይዛወራል። የሚረዳቸው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ወይም የድባቴ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናውን ከመወሰናቸው በፊት ሰውዬው ምን እንደሚፈልግ፣ ጭንቀቱ መቼ እንደጀመረ፣ ውሳኔው የራሱ ይሁን የሌላ ሰው ግፊት ይጠይቃሉ። የአፍንጫ እብጠት ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ አንድ ዓመት ያህል ሊፈጅ ስለሚችልም የመጨረሻው ቅርጽ በአንድ ጊዜ እንደማይታይ አስቀድመው ያስረዳሉ።

በኢትዮጵያ

በአማርኛ ሰልካካ አፍንጫ የመልክ ማሞገሻ፣ ደፍጣጣ አፍንጫ ደግሞ የመሳለቂያ ቃል ሆኖ ይነገራል። ስለዚህ የዮሴፍ ታካሚዎች ጭንቀት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚለው ተረትም አንዱ አካል ሲነካ ሌላው እንደሚታመም ያሳስባል።

በአገሪቱ በፊት ቀዶ ሕክምና ዘርፍ ይበልጥ አንገብጋቢ የሆነው ጉዳይ ግን ከውበት ሌላ ነው። ኖማ የሚባለው በሽታ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ከአፋቸው ጀምሮ ጉንጫቸውንና አንዳንድ ጊዜም አፍንጫቸውን ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2023 ይህን በሽታ ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ከበሽታው የተረፉ ሰዎች ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ከገበያ፣ ከትምህርት ቤትና ከሠርግ ርቀው ይኖራሉ። በአዲስ አበባ እንደ የካቲት 12 ሆስፒታል ያሉ ተቋማት የፊትና የቃጠሎ ጉዳትን በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ያክማሉ፤ ከውጭ የሚመጡ በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞችም የኖማ ተጎጂዎችን ለማከም ወደ ኢትዮጵያ ይመጣሉ። ለእነዚህ ታካሚዎች የሕክምናው ትልቁ ውጤት ዮሴፍ በ1898 ለጉባኤው ከዘገቡት ጋር አንድ ነው፤ ነጠላውን ከፊት ገልጦ ከሰው መሐል መግባት መቻል።